ሌሊት ማን ይሰማል? የክላውድ ሲስተምን መከታተልና መጠበቅ

አዲስ ቡድን ስቀላቀል ቀድሜ የምጠይቀው ጥያቄ አለ። «አሁን አንድ ሰው ዋናውን ዳታቤዝ ቢሰርዘው በምን ታውቃላችሁ? ቀድሞ የሚያውቀውስ ማን ነው?» ብዙ ጊዜ ሰው እርስ በርሱ ይተያያል። ከዚያ አንዱ «ደንበኛ ይደውላላ!» ይላል። ሁሉም ይስቃል። ከሳቁ በኋላም ሌላ መልስ አይመጣም።

ይህን የምጽፈው ለእንዲህ ዓይነት ቡድን ነው። ክላውድ ላይ (በኢንተርኔት በሚከራዩ የሌላ ድርጅት ሰርቨሮች ላይ) የሚሰራ አፕሊኬሽን አለው፣ ጥቂት መሐንዲሶች አሉት፣ ለብቻው የተቋቋመ የደህንነት ክፍል ግን የለውም። እንዲህ ያለ ቡድን «መከታተል» እና «መጠበቅ» እያለ ሥራውን ለሁለት ባይከፍል እመክራለሁ። ሲፒዩ ድንገት ጣሪያ ሲነካ ምክንያቱ የተበላሸ ኮድ ሊሆን ይችላል። ሰርቨራችሁ ላይ ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) የሚቆፍር ሌባም ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም የሚያሳያችሁ ያው አንድ ግራፍ ነው፤ ሌሊት ተነስቶ የሚያየውም ያው አንድ ተረኛ ነው።

ምሳሌዎቼ በብዛት ከአማዞን ክላውድ ናቸው፣ ብዙ የሰራሁት እዚያ ስለሆነ። የማይክሮሶፍት አዙርም ላይ ሁኑ ጉግል ላይ፣ አሠራሩ ብዙም አይለይም።

ከዋናው አካውንት ጀምሩ

ኮድ ስፔስስ የሚባል የኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት ነበር። እ.ኤ.አ. በጁን 2014 አንድ ሰው የአማዞን መቆጣጠሪያ ገጻቸው ውስጥ ገባና ገንዘብ ጠየቀ። ባለቤቶቹ አካውንቱን ለማስመለስ ሲሞክሩ፣ ሰውየው አስቀድሞ ለራሱ ሌሎች መግቢያዎች ፈጥሮ ነበርና ያገኘውን መሰረዝ ጀመረ። ሰርቨሮቹ ሄዱ። ዲስኮቹ ሄዱ። ባክአፑም (መጠባበቂያ ቅጂው) በአብዛኛው አብሮ ሄደ፣ በዚያው መግቢያ ሊደረስበት ይችል ስለነበር። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ ሥራውን መቀጠል አልቻለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ይሄ ነው። ሁሉን ማድረግ የሚችለው ዋና አካውንት ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይኑረው፤ ከተቻለ በስልክ ኮድ ሳይሆን በእጅ በሚያዝ የደህንነት ቁልፍ። አክሰስ ኪ (ፕሮግራሞች የሚገቡበት ቁልፍ) አይውጣለት። ለዕለት ሥራ ማንም አይግባበት። ለዕለት ሥራ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስም ይግባ። አምስት ሰው «አድሚን» በሚል አንድ ስም የሚገባ ከሆነ፣ ሎጉ (የድርጊቶች መዝገብ) ምንም ቢጽፍ ማን ምን እንዳደረገ አታውቁም።

ሁለተኛው፣ ባክአፕና ሎግ ሌላ አካውንት ውስጥ ይቀመጡ። አፕሊኬሽኑ የሚሰራበት አካውንት እዚያ መጻፍ ይችላል፣ መሰረዝ ግን አይችልም። ለተወሰነ ጊዜ ማንም፣ ባለቤቱም ቢሆን፣ እንዳይሰርዘው የሚቆልፍ አማራጭ አለ፤ አብሩት። ተጨማሪ አካውንት መክፈት ራሱ ገንዘብ አያስወጣም። «ትንሽ ስለሆንን አንድ ይበቃናል» የሚለውን ክርክር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ እስካሁን አላሳመነኝም።

ሎግ፦ ምን እንደተጻፈና የት እንዳለ

አማዞን ላይ ማን ምን እንዳደረገ የሚመዘግበው ክላውድትሬይል ነው። ምንም ሳትነኩት የአስተዳደር ድርጊቶችን ለ90 ቀን ያሳያችኋል። የአዙር አክቲቪቲ ሎግም 90 ቀን ነው። ጉግል የአስተዳደር ሎጉን 400 ቀን ያቆያል። 90 ቀን ብዙ ሊመስል ይችላል። ሰብሮ የገባ ሰው ግን ወራት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል፣ ስለዚህ ወደ ራሳችሁ ማከማቻ አስወጡትና ቢያንስ ዓመት አቆዩት። በየሪጅኑ (ክላውዱ ሰርቨሮቹን ባስቀመጠበት በየአካባቢው)፣ የማትጠቀሙበትም ሪጅን ጭምር መመዝገቡን አረጋግጡ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ። ክላውድትሬይል ባኬት (የፋይል ማከማቻ) መፈጠሩንና መሰረዙን ይጽፋል፤ ባኬቱ ውስጥ ያለ ፋይል መነበቡን ግን ካላዘዛችሁት አይጽፍም። ጉግልም ላይ ከቢግኩዌሪ (ከዳታ መተንተኛ አገልግሎቱ) በስተቀር የዳታ ንባብ ሎግ ሲጀመር ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ምክንያቱ ብዛቱና ወጪው ነው። ሁሉንም አብሩ አልልም። የደንበኞች መረጃ ያለባቸውን ባኬቶች ለይታችሁ ለእነሱ ብቻ አብሩ። መረጃ ወጣ ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ፋይል?» ነው፤ ያ ሎግ ከሌለ የምትመልሱት የላችሁም።

የራሳችሁ አፕሊኬሽን ሎግ ደግሞ በጄሰን (ኮምፒውተር በቀላሉ በሚያነበው የጽሑፍ ቅርጽ) ይጻፍ። ሰዓቱ በሁሉም ቦታ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ይሁን። ከተጠቃሚ የሚመጣ እያንዳንዱ ጥያቄ ሲገባ አንድ መለያ ቁጥር ይሰጠውና ከአገልግሎት ወደ አገልግሎት አብሮት ይሂድ። ኦፕንቴሌሜትሪ የሚባለው መሣሪያ ይህን ሥራ በደንብ ይሰራላችኋል፤ ከባዶ አትጀምሩ። የይለፍ ቃል፣ ቶከን (ጊዜያዊ መግቢያ)፣ የካርድ ቁጥር ሎግ ውስጥ አይግባ። ይሄ ግልጽ ይመስላል፣ ግን ስህተት ሲፈጠር ሙሉውን ጥያቄ ከነሄደሩ (ከጥያቄው ጋር ከሚላከው መግለጫ ጋር) የሚጽፍ ኮድ በየቦታው አለ። ሄደሩ ውስጥ ደግሞ ቶከን አለ።

ሎግ የሚጽፈው ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ጽፈውት የምትጠቀሙበት ክፍል፣ ራሱም ኮድ መሆኑን አትርሱ። በዲሴምበር 2021 የወጣው ሎግፎርሼል የሚባለው ቀዳዳ ያለው ራሱ የሎግ ላይብረሪ ውስጥ ነበር። አጥቂው ተንኮል ያለበት አንድ መስመር ጽሑፍ ይልካል፣ ሲስተሙ ያንን ሎግ ላይ ሲጽፍ የአጥቂውን ኮድ ያስኬዳል። ያን ሰሞን እፎይ ብለው የተኙት «የትኛው አፕሊኬሽናችን ውስጥ የትኛው ላይብረሪ አለ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን በዝርዝር የያዙት ነበሩ። ያን ዝርዝር በእያንዳንዱ ቢልድ (ኮዱ ተጠናቅሮ በተዘጋጀ ቁጥር) በራሱ እንዲወጣ አድርጉ።

ምን ሲሆን ስልክ ይጩህ

ጉግል ውስጥ ሲስተም የሚጠብቁ መሐንዲሶች አራት ምልክቶችን ተከታተሉ ይላሉ። ምላሽ ለመስጠት የሚወስደው ጊዜ፣ የሚመጣው ጥያቄ ብዛት፣ ስህተት፣ እና ሲስተሙ ምን ያህል እንደሞላ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ዝርዝር አላውቅም። ቁጥሩን የሚሰበስበው ፕሮሚቲየስና ግራፉን የሚስለው ግራፋና ነጻ ናቸው፣ አራቱንም ያሳያሉ።

አማካይ ላይ ግን አትተማመኑ። ከ1000 ጥያቄ 980ው በ100 ሚሊሰከንድ ቢመለስና 20ው 10 ሰከንድ ቢፈጅ፣ አማካዩ 298 ሚሊሰከንድ ነው። ግራፉን ያየ ሰው «ሰላም ነው» ብሎ ይሄዳል። ሃያ ሰው ግን ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ እየጠበቀ ነው። 99ኛውን ፐርሰንታይል (ከመቶ ጥያቄ 99ኙ ተመልሰው የሚያልቁበትን ጊዜ) እዩ፤ እዚያ ላይ 10 ሰከንዱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ማንቂያ ላይ ጨካኝ ነኝ። ስልክ የሚያስጮህ ማንቂያ አንድ ፈተና ማለፍ አለበት፦ ተረኛው ተነስቶ አሁኑኑ የሚያደርገው ነገር አለ ወይ? ከሌለ ጠዋት ይታይ። «ዲስክ 80 በመቶ ሞላ» ሌሊት ሰው አይቀሰቅስም። «ዲስኩ በዚህ ፍጥነት ከቀጠለ በ4 ሰዓት ውስጥ ይሞላል» ይቀሰቅሳል። በየሌሊቱ በከንቱ የሚጮህ ስልክ ይዋል ይደር እንጂ ድምፁ ይዘጋል። ድምፁ የተዘጋ ዕለት ደግሞ እውነተኛው ይመጣል።

ለአገልግሎታችሁ ግብ አስቀምጡ። አገልግሎቱ 99.9 በመቶ ይሰራል ካላችሁ በ30 ቀን ውስጥ የተፈቀደላችሁ ብልሽት 43 ደቂቃ ገደማ ነው። 99.99 ካላችሁ 4 ደቂቃ ከምናምን ብቻ ነው። ሰው ተኝቶ ከሆነ በ4 ደቂቃ ውስጥ ላፕቶፕ እንኳን አይከፈትም፣ ስለዚህ ቁጥሩን ስትመርጡ ደረታችሁን አትንፉ። ለ99.9 ጥሩ መነሻ የሚሆነው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከጥያቄዎቹ 1.44 በመቶ በላይ ከከሸፉ ስልክ ይጩህ የሚል ነው። በዚያ ፍጥነት በአንድ ሰዓት ለወሩ ከተፈቀደላችሁ ብልሽት 2 በመቶው ይበላል።

ዝምታን አትመኑ

እዚህ ክፍል ላይ ትንሽ ልቆይ። ካየኋቸው ችግሮች የከፉት ማንቂያ የጮኸባቸው አይደሉም። መጮህ ሲገባው ዝም ያለባቸው ናቸው።

ኢኪፋክስ የአሜሪካ የብድር መረጃ ድርጅት ነው። በ2017 አጥቂዎች ከሜይ አጋማሽ ጀምሮ 76 ቀን ያህል ውስጡ ተቀምጠው የ147 ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን መረጃ አወጡ። ድርጅቱ የኔትወርክ ትራፊክ የሚመረምር መሣሪያ ነበረው። የመሣሪያው ሰርተፍኬት (ማንነትን የሚያረጋግጥ ዲጂታል ሰነድ) ግን ጊዜው ካለፈ ወራት ተቆጥረው ነበር፣ ስለዚህ የተመሰጠረውን ትራፊክ ማንበብ አልቻለም። አልጮኸም፤ ምን አይቶ ይጩህ? ጁላይ 29 ሰርተፍኬቱ ሲታደስ አጠራጣሪው ትራፊክ ወዲያው ታየ።

በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 31 የኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት የሆነው ጊትላብ ላይ አንድ መሐንዲስ በስህተት የዋናውን ዳታቤዝ ዳታ ሰረዘ። ወደ ባክአፕ ሲሄዱ ባክአፕ የለም። በየቀኑ መወሰድ የነበረበት ባክአፕ በቨርዥን አለመጣጣም ሲከሽፍ ቆይቷል። ስለ ክሽፈቱ ኢሜይል ይላክ ነበር፤ ኢሜይሉ ግን በላኪ ማረጋገጫ ችግር ተቀባዩ ጋ ሳይደርስ ይመለስ ነበር። ያተረፋቸው አንድ መሐንዲስ ለሌላ ሥራ ብሎ ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት የወሰደው ስናፕሾት (የዚያ ሰዓት ቅጂ) ነው። ድርጅቱ ይህን ሁሉ ራሱ በግልጽ ጽፎ አውጥቷል፣ ለዚህም አከብረዋለሁ።

ከሁለቱ ታሪኮች የሚወጣው ሥራ ይህን ይመስላል። ባክአፕ ሲከሽፍ መልእክት እንዲላክ ብቻ አታድርጉ። ባክአፑ ሲሳካ «ተሳክቷል» የሚል ምልክት ውጪ ላለ አገልግሎት ይላክ፤ ምልክቱ በ26 ሰዓት ውስጥ ካልመጣ ያ አገልግሎት ስልክ ያስጩህ። ፕሮሚቲየስ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ እየጮኸ የሚኖር አንድ ማንቂያ ፍጠሩ። እሱ ሰው አይቀሰቅስም፤ ውጪ ወዳለ አገልግሎት ብቻ ይሄዳል። ድምፁ የጠፋ ዕለት የማንቂያ መስመራችሁ አንድ ቦታ ተበጥሷል ማለት ነው። አንድ ሜትሪክ (የሚለካ ቁጥር) ጭራሽ መምጣት ሲያቆምም ማንቂያ ይኑር። «ስህተት ዜሮ ነው» እና «ስህተትን የሚቆጥረው ፕሮግራም ሞቷል» ግራፍ ላይ አንድ ዓይነት ሊመስሉ ይችላሉ።

መከታተያው ከሚከታተለው ጋር አብሮ እንዳይወድቅም ተጠንቀቁ። በፌብሩዋሪ 28፣ 2017 የአማዞን ማከማቻ አገልግሎት ኤስ3 በቨርጂኒያ ሪጅን ሲወድቅ፣ የአማዞን የሁኔታ ማሳወቂያ ገጽ ራሱ በኤስ3 ላይ ጥገኛ ስለነበር ለሰዓታት ችግሩን ማሳየት አልቻለም። አማዞን ላይ የደረሰ እናንተ ላይ አይደርስም አይባልም። ስለዚህ ከሌላ ኩባንያ ኔትወርክ በየደቂቃው ገጻችሁን የሚከፍት፣ የሚገባ፣ አንድ እውነተኛ ነገር የሚያደርግ ትንሽ ፕሮግራም ይኑራችሁ። የሰርተፍኬት ማብቂያ ቀንንም እሱ ይይ። የሰርተፍኬት ዕድሜ እያጠረ ነው፤ የድረ ገጽ አሳሽ ሰሪዎችና ሰርተፍኬት ሰጪዎች በተስማሙት መሠረት በ2029 ከፍተኛው 47 ቀን ይሆናል። በእጅ የሚያድስ ሰው ከወዲሁ ይተወው።

ሌባን የሚያሳዩ ጥቂት ማንቂያዎች

ጋርድዱቲን የመሰለ የክላውዱን የራሱን መርማሪ አብሩ፤ ግን በእሱ ብቻ አትቁሙ። እኔ በእጄ የማስገባቸው ጥቂት ናቸው። ዋናው አካውንት ሲገባ። ክላውድትሬይል ሲቆም ወይም ሲቀየር። አዲስ ተጠቃሚ ወይም አዲስ አክሰስ ኪ ሲፈጠር። የአንድ ሰው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ሲነሳ። ባኬት ለሕዝብ ሲከፈት። የፋየርዎል (የኔትወርክ ዘብ) ሕግ ሰርቨር ከሩቅ የሚገባባቸውን 22 ወይም 3389 ፖርት፣ ወይም የዳታቤዝ ፖርት ለመላው ኢንተርኔት ሲከፍት። በማንጠቀምበት ሪጅን አንድ ሰርቨር እንኳን ሲነሳ። «ፈቃድ የለህም» የሚል መልስ በአንድ ቁልፍ ላይ በድንገት ሲበዛ። ይህ የመጨረሻው እንደ ዋዛ የሚታለፍ ነው። የተሰረቀ ቁልፍ የያዘ ሰው ቁልፉ ምን እንደሚከፍት ስለማያውቅ ሁሉን በር ይሞክራል፣ መሞከሩም ሎግ ላይ ይቀራል።

ወጪም ማንቂያ ነው። የቀን ወጪ ከወትሮው ሲዘል መልእክት ይምጣ። ግን ሌባ ሁሉ አይሞኝም። በ2018 የቴስላ የኩበርኔቲስ (የአፕሊኬሽኖች ማስተዳደሪያ ሲስተም) መቆጣጠሪያ ገጽ ያለ ይለፍ ቃል ተገኝቶ ነበር። እዚያ ክሪፕቶ ሲቆፍሩ የነበሩት ሰዎች እንዳይነቃባቸው የሲፒዩ አጠቃቀማቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። ሰርቨሮቻችሁ ወደ ውጪ ከማን ጋር እንደሚነጋገሩ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የክፍያ አገልግሎታችሁ የሚያወራው ከሦስት አድራሻ ጋር ብቻ ከሆነ፣ ሌላውን ዝጉና አራተኛው ሲሞከር ስሙ።

ከሁሉ የምወደው ዘዴ ማጥመጃ ቁልፍ ነው። ምንም ፈቃድ የሌለው አክሰስ ኪ ፍጠሩ። ቢልድ ሰርቨሩ ላይ፣ አንድ የድሮ ኮንፊግ ፋይል ውስጥ፣ የውስጥ ሰነዶች መሐል አስቀምጡት። ማንም ሰው እሱን የሚጠቀምበት በጎ ምክንያት የለም። ስለዚህ አንዴ ከተሞከረ፣ ሰው ገብቷል። የውሸት ጩኸት የለውም ማለት ይቻላል፣ ወጪውም ከምንም አይቆጠርም።

የሚሰረቅ ቁልፍ አይኑር

በ2019 ካፒታል ዋን ባንክ ላይ በአሜሪካ 100 ሚሊዮን፣ በካናዳ 6 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች መረጃቸው ወጣ። አጥቂዋ በትክክል ባልተዋቀረ ፋየርዎል በኩል ሰርቨሩ ራሱ 169.254.169.254 የሚባለውን የውስጥ አድራሻ እንዲጠይቅላት አደረገች። ያ አድራሻ ለሰርቨሩ የተሰጠውን ጊዜያዊ ቁልፍ ይነግራል። ቁልፉ ደግሞ ከሚያስፈልገው በላይ ብዙ ባኬት ያነብ ነበር። ነገሩ የሆነው በማርች ነው፤ ባንኩ ያወቀው በጁላይ፣ ከውጪ ሰው በመጣ ኢሜይል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

አማዞን በዚያው ዓመት ኖቬምበር ያንን አድራሻ ለመጠየቅ ቀድሞ ቶከን የሚያስፈልግበትን ሁለተኛ ስሪት አወጣ። የድሮዎቹ ሰርቨሮቻችሁ ላይ አሁንም የመጀመሪያው ስሪት ክፍት ሊሆን ይችላል። ዛሬ እዩትና ዝጉት። የሰርቨሩ ሮል (የተሰጠው የፈቃድ ስብስብ) ደግሞ የሚያስፈልገውን ባኬት ብቻ ያንብብ። «ለጊዜው ሁሉን እንፍቀድ» የተባለ ፈቃድ ለጊዜው ሆኖ ሲቀር አላየሁም።

ዕድሜ ልክ የሚሰሩ አክሰስ ኪዎችን ቀንሱ። ከጊትሃብ (ከኮድ ማስቀመጫው) ወደ ክላውድ ኮድ ለመላክ ቁልፍ ማስቀመጥ አያስፈልግም፤ በኦአይዲሲ (ያለ ቋሚ ቁልፍ ማንነትን በሚያረጋግጥ ዘዴ) ለደቂቃዎች ብቻ የሚቆይ መግቢያ ማግኘት ይቻላል። ቁልፍ በስህተት ኮድ ውስጥ ከገባ መስመሩን መሰረዝ አይበቃም፣ የኮዱ የለውጥ ታሪክ ውስጥ ይኖራል። ቁልፉን ራሱን ግደሉት። ኩበርኔቲስ «ሲክሬት» (ምስጢር) የሚለው ነገርም ስሙ አያታላችሁ፤ ካላዋቀራችሁት በቤዝ64 (ማንም መልሶ ሊያነበው በሚችል አጻጻፍ) የተጻፈ እንጂ የተመሰጠረ አይደለም።

የጮኸ ዕለት

እያንዳንዱ ማንቂያ ከአንድ ገጽ ጋር ይያያዝ። ገጹ ላይ ምን ማለት እንደሆነ፣ መጀመሪያ ምን እንደሚታይ፣ ለማን እንደሚደወል ይጻፍ። የሚጻፈው በደንብ ለተኛና አሁን ለነቃ ሰው ነው፣ ስለዚህ አጭር ይሁን።

ሰው ገብቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሰርቨሩን ለማጥፋት አትቸኩሉ። ካጠፋችሁት ሜሞሪው ውስጥ ያለው ማስረጃ ይጠፋል። ከኔትወርክ ለዩት፣ የዲስኩን ስናፕሾት ውሰዱ፣ ከዚያ ምርመራው ይቀጥል። የተሰረቀውን ቁልፍ ስታጠፉ ደግሞ በቁልፉ ቀድሞ የተወሰደ የሮል ቶከን ጊዜው እስኪያልቅ መስራቱን እንደሚቀጥል አስቡ። ከአሁን በፊት የተሰጡ ቶከኖችን በሙሉ የሚከለክል ፖሊሲ ሮሉ ላይ መጨመር አለባችሁ። ይህን የማያውቅ ቡድን ቁልፉን አጥፍቶ ይተኛል፤ ሌባው ሥራውን ይቀጥላል። ንግግራችሁንም የተሰበረው ሲስተም ላይ አታድርጉ። ኢሜይላችሁን ይዞት ከሆነ የምትጽፉትን ሁሉ እያነበበ ነው።

ይህን ሁሉ ሳትለማመዱት አትመኑት። በሥራ ሰዓት፣ ሁሉም ሰው ባለበት፣ ማጥመጃውን ቁልፍ ራሳችሁ ተጠቀሙበትና ስልኩ በስንት ደቂቃ እንደሚጮህ ቁጠሩ። ባክአፑን ባዶ አካውንት ላይ መልሱት፤ አፕሊኬሽኑን ከእሱ አስነሱና ግቡበት። ፋይሉ መኖሩን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። ልምምዱን የሚመራው ሲስተሙን የሰራው ሰው ሳይሆን ከሁሉ አዲሱ ሰው ይሁን። እሱ ሲጠፋበት የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ሌሊት መመሪያው ውስጥ የሚጎድሉት መስመሮች ናቸውና እዚያው ቁጭ ብላችሁ ጻፏቸው።